ስለ ፍግ፥ ስለ ጎርፍና መድኃኒት ስለማይበግራቸው ጀርሞች
ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ነገር ስሙ ሲጠራ የማያምር ነው፤ ስለ እበትና ስለ ፍግ ነውና። ነገር ግን ለባላገር ከፍግ የሚበልጥ ሀብት ጥቂት ስለ ሆነ አፍሬ አልጀምርም።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ወደ አንድ ደጋ መንደር ሄጄ ስለዚሁ ነገር በትምህርት ቤቱ ግቢ ስናገር፥ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ፤ «ልጄ፥ ማዳበሪያው ተወደደብን፤ ዝናቡም ጊዜውን መጠበቅ ተወ፤ ዛሬ ደግሞ አንተ መጥተህ እበቱንም ልትከለክለን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ጥያቄያቸው ትክክል ነበረና። በዚያ ቀን የሰጠኋቸው መልስ አጭርና ያልተሟላ ስለ ነበረ፥ ዛሬ በእናንተ ፊት አሟልቼ ለመመለስ እሞክራለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ ፍግ ጠላታችን አይደለም። ፍግ ያልተለየው መሬት ውኃ ይይዛል፤ ሲደርቅም እንደ ሸክላ አይሰነጠቅም፤ እህሉም ሥር ይሰድበታል። ይህን አባቶቻችን ያለ መጽሐፍ ዐውቀውታል። ከዚህም በላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በ1943 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኒው ጀርዚ፥ ራትገርስ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ፥ ሴልማን ዋክስማን የተባለው ሊቅ በሚመራው የምርምር ቤት ውስጥ አልበርት ሻትስ የተባለ ወጣት ተማሪ ብዙ ፍግ ከተደረገበት የእርሻ አፈር አንዲት ረቂቅ ፍጥረት ለይቶ አወጣ። ይህች ፍጥረት ከምታመነጨው ነገር የተሠራው መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን ተባለ፤ የሳምባ ነቀርሳን ለመፈወስ ከቻሉት መድኃኒቶችም የመጀመሪያው ሆነ። እንግዲህ ስንቱን ሰው ከሞት አፍ ያወጣው መድኃኒት የተገኘው ፍግ ከጠገበ መሬት ነው ማለት ነው።

ይህን የተናገርሁት ፍግን ለማመስገን ብቻ አይደለም። በአንድ እፍኝ አፈር ውስጥ ለቍጥር የሚያዳግቱ ረቂቃን ፍጥረቶች ይኖራሉ፤ እነዚህም ስለ ምግብና ስለ ቦታ እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ። አንዱ መርዝ ያመነጫል፤ ሌላው መርዙን የሚመክትበት ጋሻ ያበጃል። ሰው አንቲባዮቲክ ብሎ የሚጠራቸው መድኃኒቶች አብዛኞቹ የተወሰዱት ከዚህ የአፈር ጦርነት ነው። ስለዚህ ጋሻውም እንደ መርዙ ሁሉ ከሐኪሞች በፊት በምድር ላይ የነበረ ነው። ሰው የለወጠው መጠኑን ነው። በአፈር ውስጥ በጥቂቱ ይፈልቅ የነበረውን መርዝ በፋብሪካ በብዙ ቶን አምርቶ ለሰውም ለከብትም አጠጣ፤ በዚህም ጊዜ ጋሻ ያላቸው ጀርሞች ብቻ የሚተርፉበትን ዓለም ሳያስበው ፈጠረ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የስንዴ ማሳ አስቡ። ዋግ በመታው ዓመት ማሳው ሁሉ ይደርቅና እዚህም እዚያም ጥቂት ዛላዎች ቆመው ይቀራሉ። ገበሬው ብልህ ከሆነ ዘሩን ከእነዚያ ይወስዳል፤ በሚመጣው ዓመት ማሳው ዋግን የሚችል ይሆናል። መድኃኒትም በጀርሞች ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ደካማውን ገድሎ ብርቱውን ለዘር ያስቀራል። ልዩነቱ ስንዴ በዓመት አንድ ጊዜ ሲዘራ፥ በከብትና በሰው አንጀት የሚኖረው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ግን ከተመቸው በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ ለሁለት መከፈሉ ነው። ተማሪዎቻችሁን በጥቍር ሰሌዳ ላይ አሠሩአቸው፤ አንዱ በአንድ ሰዓት 8 ይሆናል፤ በ8 ሰዓት ከ16 ሚሊዮን ያልፋል። ሌሊት ተኝተን እስክንነሣ ማለት ነው።

ፔኒሲሊንን በ1928 ዓ.ም. በለንደን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ይህንኑ አደጋ አስጠንቅቆ ነበር። ምሳሌውም እንዲህ ያለ ነው፤ አንድ ሰው ጕሮሮውን ቢያመው በራሱ ፈቃድ ፔኒሲሊን ገዝቶ ይወስዳል፤ የወሰደው ግን ጀርሞቹን ለመግደል የማይበቃ፥ መቋቋምን ለማስተማር ግን የሚበቃ መጠን ነው። በኋላ ሚስቱ ከእርሱ ተይዛ በሳምባ ምች ትታመማለች፤ መድኃኒቱም አልሠራ ብሏት ትሞታለች። ፍሌሚንግ ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ሰሚዎቹን ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ሰማንያ ዓመት ያህል አልፏል፤ ምሳሌው ግን በብዙ ቤት እውነት ሆኗል። በ2019 ዓ.ም. ብቻ መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው በዓለም ሁሉ 1.27 ሚሊዮን ያህል መሆኑን ሊቃውንት ገምተዋል።

አሁን ደግሞ ከዘር ማብዛት የሚብስ ሁለተኛ ነገር አለ። መምህራን ሆይ፥ በፈተና ቀን አንዱ ተማሪ መልሱን በቍራጭ ወረቀት ጽፎ ለጎረቤቱ ሲያቀብል አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ወረቀቱን የተቀበለው ሰነፉ ተማሪ ምንም ሳይደክም ያልፋል። ጀርሞችም እንዲህ ያደርጋሉ። የመቋቋሙ ጥበብ የተጻፈበት ጂን የሚባል ነገር በውስጣቸው አለ፤ ብዙ ጊዜም ፕላዝሚድ በምትባል እንደ ቀለበት ክብ በሆነች ትንሽ ነገር ላይ ይገኛል። ባክቴሪያው የዚህችን ቀለበት ግልባጭ አድርጎ ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ ጎረቤቱም የግድ ከእርሱ ወገን መሆን የለበትም። የጃፓን ሐኪሞች በ1950ዎቹ የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ጀርም አራት ዓይነት መድኃኒቶችን በአንድ ጊዜ ሲቋቋም አይተው ተደነቁ፤ በ1959 ዓ.ም. ግን ጥበቡ በሰው አንጀት ከሚኖረው ከኢ. ኮላይ ወደ ተቅማጡ ጀርም እንደሚተላለፍ ተረዱ። ከዚህም በፊት በዚያው በ1928 ዓ.ም. ፍሬድሪክ ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ፥ በሙቀት የሞቱ ክፉ ጀርሞችን ከሕያዋን የዋሃን ጀርሞች ጋር ቀላቅሎ አይጦችን ቢወጋ፥ የዋሃኑ የሙታኑን ጠባይ ወርሰው አይጦቹን እንደ ገደሉ አሳይቶ ነበር። ተማሪው ቢሞትም ወረቀቱ ይነበባል ማለት ነው። ይህን አትርሱት፤ ስለ ፍግ ስንናገር እንመለስበታለን።

ወደ በረት እንሂድ። በ1950 ዓ.ም. ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ የተባሉ አሜሪካውያን አውሬኦማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ በጥቂቱ ከመኖ ጋር ቢቀላቀል ከብትና ዶሮ ቶሎ እንደሚያድጉ አስታወቁ። ነገሩ ትርፍ ስለ ነበረበት በብዙ አገር ተስፋፋ፤ ያልታመመ እንስሳ ዕለት ዕለት ትንሽ መድኃኒት ይበላ ጀመር። ትንሽ መድኃኒት ደግሞ ፍሌሚንግ የፈራው ነገር ነው። እንስሳው ከዋጠው መድኃኒት እንደ ዓይነቱ ከ30 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ሳይለወጥ በእበትና በሽንት ይወጣል። እንግዲህ ፍጉ ሦስት ነገር ይሸከማል፤ የመድኃኒቱን ትራፊ፥ መድኃኒቱን የለመዱትን ጀርሞችና የተጻፈበትን ያን ጂን።

ይህ ከበረት ወጥቶ ወደ ሰው መድረሱን በግልጥ ካሳዩት አንዱ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ሐኪም ስቱዋርት ሌቪ ነው። በ1976 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ እንደ ተናገረው፥ በአንድ ትንሽ እርሻ ውስጥ ለዶሮዎች ቴትራሳይክሊን የተቀላቀለበት መኖ አበላ። በአንድ ሳምንት ያህል ጊዜ የዶሮዎቹ የአንጀት ባክቴሪያ ከሞላ ጎደል ሁሉም መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆነ። ከ5 እስከ 6 ወር ሲያልፍ በእርሻው ከሚኖሩት ሰዎች በየሳምንቱ ከተወሰደው ናሙና በ31 በመቶው ውስጥ ከባክቴሪያዎቹ ከ80 በመቶ የሚበልጡት ቴትራሳይክሊንን የሚቋቋሙ ሆነው ተገኙ፤ በጎረቤቶቻቸው ናሙና ግን እንዲህ የሆነው 7 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። መድኃኒቱን የበሉት ዶሮዎቹ እንጂ ሰዎቹ አልነበሩም።

ከዚያ ወዲያ መንግሥታት እየተራመዱ ከለከሉ። ስዊድን በ1986 ዓ.ም.፥ የአውሮፓ ኅብረት በሙሉ በ2006 ዓ.ም. ለማሳደግ ሲባል አንቲባዮቲክ መስጠትን አገዱ፤ አሜሪካም በ2017 ዓ.ም. ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉትን መድኃኒቶች ለዚህ ጕዳይ ማዋልን አስቀረች። ለሕክምና መስጠት ግን በየትም አልቀረም፤ ሊቀርም አይገባም፤ የታመመች ላም መታከም አለባትና።

አሁን ዝናብ ይምጣ። በማሳ ላይ የተበተነ ጥሬ ፍግ ከሁሉ ይልቅ የሚታጠበው ከተበተነ በኋላ በሚጥለው በመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ነው። ቴትራሳይክሊን ከሸክላ አፈር ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ አፈሩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች ግን አፈር አይዛቸውም፤ በውኃው ውስጥ ሟሙተው ወደ ታችም ወደ ጐንም ይፈስሳሉ። ጀርሞቹም ከደቃቁ አፈርና ከእበቱ ብጥስጣሽ ጋር ተሳፍረው ይወርዳሉ። በተዳፋት መሬት ላይ የሚኖር ሰው የክረምት ጎርፍ ቀይ ወይም ጥቍር ሆኖ ሲወርድ ያየው አፈሩን ነው፤ የማይታየው ተሳፋሪ ግን በዚያው ውስጥ አለ።

በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት ካሽ ላ ፑድር የሚባል ወንዝ አለ። ከሮኪ ተራሮች ንጹሕ ሆኖ ይወርዳል፤ ከዚያም በከተማ አጠገብ ያልፋል፤ ዝቅ ብሎም ከብት ወደሚደልብበትና እርሻ ወደ በዛበት ሜዳ ይገባል። ኤሚ ፕሩደንና ባልንጀሮቿ ከዚህ ወንዝ ደለል፥ ከመስኖ ቦዮችና እበት ከሚጠራቀምባቸው ኩሬዎች ናሙና ወስደው ቴትራሳይክሊንንና ሰልፋን የሚያስመክቱ ጂኖችን ፈለጉ። በ2006 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ ጂኖቹ ንጹሕ ከሆነው ቦታ ይልቅ ከተማና እርሻ በነካው ቦታ እንደሚበዙ አሳዩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ተጣርቶ ለመጠጥ በተዘጋጀ ውኃ ውስጥ እንኳ ተገኙ። እነዚህ ሊቃውንት ጂኑን ራሱን እንደ ማንኛውም የውኃ ቈሻሻ እንድንቈጥረው ያሉት ስለዚህ ነው። ተራ ቈሻሻ እየሄደ ይሟሟል፤ ይህ ግን አስተናጋጅ ባገኘ ጊዜ ይባዛል።

«የእኔ ላም መድኃኒት ቀምሳ አታውቅም፤ ይህ እኔን አይነካኝም» የሚል ይኖር ይሆናል። በብዙው እውነቱን ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ልጨምርለት። በ2014 ዓ.ም. የዬል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፥ ከእነርሱም ጆ ሃንደልስማን፥ አንቲባዮቲክ ካልተሰጣቸው ላሞች የተወሰደ ፍግ በአፈር ላይ አድርገው የፋብሪካ ማዳበሪያ ከተደረገበት አፈር ጋር አስተያዩት። ፍግ በተደረገበት አፈር ውስጥ ቀድሞውኑ በዚያ ይኖሩ የነበሩ፥ የፔኒሲሊንን ወገን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች በዝተው ተገኙ። ላሞቹ ያመጡአቸው አይደሉም፤ ፍጉ መግቦ ያበዛቸው እንጂ። እነዚህ የአፈር ባክቴሪያዎች በአብዛኛው ሰውን የማያሳምሙ ስለ ሆኑ ከዚህ ተነሥቶ መደንገጥ አይገባም። ነገር ግን ወረቀቱን የያዘ ተማሪ በክፍሉ ውስጥ ከበዛ፥ ለሌላው የማቀበሉ ዕድልም ይበዛል። ጥሬ ፍግ ሁሉ ከማንም ላም ቢመጣ በጥንቃቄ ይያዝ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የባላገር ከብት በሣርና በገለባ ይኖራል፤ መድኃኒት የተቀላቀለበት መኖ አያውቅም። እበቱም በደጋው ብዙ ጊዜ ኩበት ሆኖ ይነዳል። እሳት ጀርሙንም ጂኑንም ስለሚያጠፋ፥ በዚህ በኩል ብቻ ካየነው ኩበት አስተማማኝ ነው፤ መሬቱን ግን ያስርበዋልና እኔ አላመሰግነውም። ለማሳ የሚተርፈው ፍግ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በጓሮ ነው፤ ጓሮ ደግሞ ለቤት፥ ለሕፃናትና ለጕድጓድ ውኃ ቅርብ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው መርፌ በየገጠሩ የታወቀ ነው፤ ስንት ጊዜስ ያለ ሐኪም ተገዝቶ፥ ከብቱ ቀና ሲል በመካከል ይቋረጣል። እኔም ከዚህ ንጹሕ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጊደር ታማብኝ መርፌውን ከገበያ ገዝቼ ለሦስት ቀን ከታዘዘው አንዱን ቀን ብቻ ወግቼ፥ ስትበላ ባየኋት ጊዜ የቀረውን ለሚቀጥለው በሽታ ብዬ በግድግዳ ላይ ሰክቼ አስቀመጥሁ። ቈጣቢነት መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ከሁሉ የሚሻለው ፍጉን በክምር አብስሎ ብስባሽ ማድረግ ነው። እበቱ ከገለባ፥ ከቅጠልና ከአመድ ጋር ተደርቦ፥ እርጥበቱ በእጅ ሲጨመቅ እንደማይንጠባጠብ ጨርቅ ሆኖ፥ ነፋስ እንዲያገኝ ከተከመረ፥ ረቂቃኑ ፍጥረቶች ራሳቸው ያግሉታል። በአሜሪካ ለተፈጥሮ እርሻ የወጣው ደንብ፥ በሜዳ የተከመረ ፍግ ቢያንስ ለ15 ቀን ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይወርድ እንዲቈይና በዚያ ጊዜ ውስጥ 5 ጊዜ እንዲገለበጥ ያዝዛል። መገልበጡ ዳር የነበረው ወደ መካከል ገብቶ እንዲግል ነው። የሙቀት መለኪያ ከሌለ የብረት ዘንግ በክምሩ መካከል ሰክታችሁ ጥቂት ካቈያችሁ በኋላ አውጥታችሁ ያዙት፤ እጅ የማይችለው ከሆነ ክምሩ እየሠራ ነው፤ ለብ ብቻ ካለ ግን ገና ነው ወይም ደርቋል። ይህ ሙቀት በሽታ አምጪዎቹን አብዛኞቹን ይገድላል፤ ከመድኃኒቱም ትራፊ ብዙውን ያፈርሳል። ጂኑን ግን በሙሉ ያጠፋል ብዬ አልዋሻችሁም፤ የሞተው ተማሪ ወረቀት አንዳንዱ ይቀራል። ይቀንሳል ማለት ግን ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥሬውን ማድረግ ግድ ከሆነ ያው ደንብ የሚለውን ጊዜ ጠብቁ፤ ፍሬው ወይም ቅጠሉ አፈር ለሚነካ ተክል ከመሰብሰቡ በፊት 120 ቀን፥ ለማይነካው 90 ቀን። በጥሬው የሚበሉትን እንደ ሰላጣ፥ እንደ ካሮትና እንደ ቃሪያ ያሉትን ከዚህ አታሳጥሩባቸው። ዝናብ ሊጥል ደመና ባረገዘበት ቀን ፍግ አይበተን፤ በተበተነም ጊዜ በዕለቱ ከአፈር ጋር ታርሶ ይቀላቀል። ከማሳው ግርጌ ከወንዙ በፊት ደሾ ወይም ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ሣር በወሰን ላይ ይተከል፤ ሣሩ ውኃውን አዘግይቶ ደለሉን ያስቀራል።

ይህን በቃል ከመንገር ለልጆች ማሳየት ይሻላል። ሁለት ያረጁ ጣሳዎች በቁመታቸው ቀዳችሁ እንደ ገበታ አጋድሙ፤ አንዱን በባዶ አፈር፥ ሁለተኛውን ሣር ከነሥሩ በተነሣ አፈር ሙሉ፤ በሁለቱም ላይ አንድ እፍኝ እበት በትናችሁ አንድ ጐናቸውን በድንጋይ ከፍ አድርጉ፤ ከታች ጠርሙስ አኑራችሁ በተበሳ ጣሳ እኩል ውኃ አዝንቡ። ሁለቱ ጠርሙሶች አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ፥ እኔ በአንድ ሰዓት የምናገረውን ልጆቹ ባንድ እይታ ይረዱታል። እጃቸውን በሳሙና ማስታጠብን ግን አትርሱ።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። እበቱን እንደማልከለክላቸው በነገርኋቸው ጊዜ ሁለተኛ ጥያቄ አስከተሉ፤ «እሺ ልጄ፤ መርፌ የተወጋችው ላም እበትስ የት ይውደቅ?» አሉኝ። ይህን ያህል ትክክለኛ ጥያቄ ከተማሩ ሰዎችም ሰምቼ አላውቅም። «አባቴ፥ ወተቷ አይጠጣ ተብሎ በታዘዘው ቀን ውስጥ እበቷን ከሌላው ለይተው ለብቻው ይከምሩት፤ ለጓሮ አያድርጉት፤ ወደ ወንዝም አይጣሉት። ክምሩ ጎርፍ ከማያገኘውና ከምንጩ በታች ከሆነ ቦታ ይሁን፤ በገለባና በአፈር ይሸፈን፤ በስሎ ከከረመ በኋላም ለገብስ ማሳ እንጂ ለአትክልት አይሁን» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ካሰቡ በኋላ በትራቸውን ወደ ኮረብታው ዘርግተው፥ የመንደሩ የፍግ ክምር ሁሉ ያለው ከወዲያ ማዶ ከዋርካው ሥር መሆኑን ነገሩኝ።

በማግሥቱ ከመምህሩና ከትልልቆቹ ተማሪዎች ጋር ወጥተን አየነው። ክምሩ ከሚጠጡት ምንጭ ወደ ላይ፥ ከመቶ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ ነበር፤ በመካከላቸው የከብት መሄጃ ቦይ ሆኖ ወርዷል። ክረምት ሊገባ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶት ስለ ነበረ፥ ሽማግሌው ልጆቻቸውንና አህዮቻቸውን ጠርተው በዚያው ቀን ማጋዝ ጀመሩ።